ይሄ አይቃመስም

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ላይ ማን እንዳለቀሰ አይታወቅም። ሁላችንም እናለቅሳለን። ጆንያው ሲራገፍ፣ ዛላው ሲገለበጥ፣ ገዢም ሻጭም ዓይኑን እየጠራረገ ነው የሚከራከረው። ስለዚህ የእትዬ አስካለን ማረፍ የሰማሁ ዕለት፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እንባዬ ሲወርድ፣ ፊት ለፊቴ የቆመችው ደንበኛዬ ምንም አልመሰላትም። «ኧረ ይሄስ በርበሬ አይደለም፣ እሳት ነው!» ብላ እየሳቀች አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔም «እሳት ነው እህቴ» አልኳትና መዝኜ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ነው በርጩማዬ ላይ ዘፍ ያልኩት።

የደወለችልኝ ልጃቸው ሰላም ነበረች። «ጽጌ፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ። «ተኝታ ነው የሄደችው። በራሷ እንቅልፍ።»

በራሷ እንቅልፍ። ይህቺ ቃል ለሌላ ሰው ምንም ላትነግረው ትችላለች። እኔና ሰላም ግን እትዬ አስካለ በራሳቸው እንቅልፍ ለመተኛት ስንት አቀበትና ቁልቁለት እንዳዩ እናውቃለን። ስልኩ ላይ እያለቀስንም «ተመስገን» ተባባልን።

ለማያውቋቸው ላስተዋውቃቸው። አጠር፣ ደልደል ያሉ ሴት ነበሩ። ሻሻቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አድርገው ነው የሚያስሩት፤ ግራ ጆሯቸው ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሥራ አለበታ! አንድ ዛላ በርበሬ ያነሣሉ፣ ጆሯቸው አጠገብ ያንቀጫቅጩታል። ፍሬው ውስጥ ለውስጥ ከተንሿሿ ደርቋል ማለት ነው፤ ድምፁን ከዋጠ እርጥበት አለው፣ ነገ ይሻግታል። ይሄን ማንም የበርበሬ ሰው ያውቃል። እትዬ አስካለ ግን ዛላውን እንደ ስልክ ነበር የሚያናግሩት።

«ሃሎ? እሺ... እሺ። ከአላባ ነው የመጣሁት ይላል። መንገድ ላይ ዝናብ አግኝቶኛል ይላል። ነጋዴው ደግሞ ለእነዚህ ሴቶች እንዳትነግር ብሎኛል ይላል!»

ጭነቱን ያመጣው ነጋዴ ይስቃል። አንዴ ከሳቀ ደግሞ ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ቅመም ከምንጠቀልልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ላይ ነው። ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ያውም ማንበብ ሳይችሉ። በየቀኑ አንድ ብጣሽ አንሥተው «ጽጌ፣ ይሄ ምን ይላል?» ይሉኛል። አላውቅም ማለት ሲያሳፍረኝ ጊዜ ቤቴ ሄጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ይህንን ዛሬ የምጽፈው በዚያ «ምን ይላል?» ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በርበሬ በረንዳ የቅምሻ አገር ነው። ሚጥሚጣም ሆነ ሽሮ ሳይቀመስ አይገዛም። ገዢዋ እጇን ገልበጥ ታደርጋለች፣ በእጇ ጀርባ ላይ ቆንጠር አድርገን እናኖርላታለን፣ ልሳ ትወስናለች። «ቅመሺው» ከሰላምታ አያንስም። ቅምሻው ደግሞ በቅመም አይቆምም። ምሳችንን እንቃመሳለን፣ ወሬያችንን እንቃመሳለን፣ መድኃኒታችንንም እንቃመሳለን። አንዷን ራሷን ሲያማት የሌላዋ ኪስ ይፈተሻል። «ያንቺዋ ኪኒን ጎበዝ ናት፣ እስኪ አቅምሺኝ» ትባላለች። ይሄ ፍቅር ነው፤ የማትወጂውን ሰው ማን ብሎ ኪኒን ያካፍላል? ጣጣው የገባብንም በዚሁ በፍቅር በር ነው።

የእትዬ አስካለ ባል ጋሼ ታደሰ ይባላሉ። ከአላባና ከማረቆ በርበሬ እየገዙ ከሚያመጡልን አንዱ እሳቸው ነበሩ። አንድ ጠዋት የጭነት መኪናው ደርሶ ቆመ። ጋሼ ታደሰ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጣል አድርገዋል። ሹፌሩ ሊነቀንቃቸው ሲል እትዬ አስካለ ከለከሉት።

«ተወው፣ አትቀስቅሰው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ አድሮ ደክሞታል።»

ነጠላቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ጭነቱ እስኪራገፍ ቆመው ጠበቁ። ጭነቱ ተራገፈ። ጋሼ ታደሰ አልነቁም።

ሐኪሞቹ በኋላ «ልባቸው ነው፣ መንገድ ላይ ሳሉ ነው የቆመው፣ ቢቀሰቅሷቸውም አይመለሱም ነበር» ብለው ነግረዋቸዋል። ግን ጆሮ የሰማውን ልብ መች ይሰማል? «ዓይኔን ስከድን ያ መስኮት ይመጣል» ይሉኝ ነበር። እንቅልፍ የሚባል ነገር ሸሻቸው። ለቅሶው ላይ አንዲት ዘመድ ከቦርሳዋ አንዲት ነጭ ኪኒን አውጥታ አዋጠቻቸውና ተኙ። ድንኳን ሙሉ ሰው «ተመስገን፣ ዐረፈች» አለ። ቀጥሎ ሰላም ወደ ሐኪም ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙም ለጭንቀቱ ያችኑ ዓይነት አዘዘላቸው፤ ለጥቂት ሳምንት ብቻ፣ ሲያልቅም ተመልሰው እንዲመጡ ብሎ። አለቀ። ተመልሰው ግን አልሄዱም። አብነት አካባቢ መድኃኒት የሚሸጥ አንድ የድሮ ደንበኛ ነበራቸው፤ እሳቸው አዋዜ ይወስዱለታል፣ እሱ ኪኒኗን ያለ ማዘዣ ይሰጣቸዋል። ሁለቱም የዋሉት ውለታ ነበር የመሰላቸው።

መጀመሪያ ለመኝታ ብቻ ነበረች። ቆይታ ለጠዋትም ሆነች። አንዷ አልሠራ ስትል ሁለት ሆነች። እኛም ስም አወጣንላት፤ «ነጯ» አልናት። እትዬ አስካለ እንደሆነ እጃቸው አይያዝም። የከፋት ሁሉ ከነጯ ትቀምሳለች። ልጇ ወደ ዓረብ አገር የሄደችባት ቀመሰች፣ አከራይዋ ውጪ ያላት ቀመሰች። እኔም አንድ ቀን ሆዴ ሲባባ ቀመስኩ፤ ቤቴ ኮልፌ ነው፣ የነቃሁት ግን ታክሲው መጨረሻው ላይ ቆሞ ወያላው «እናቴ፣ እዚሁ ነው የሚያድሩት?» ሲለኝ ነው። ለሳምንት ተሳቀብኝ። ሳቅነው እንጂ አላሰብነውም።

ያልሳቀችው ዘይነባ ብቻ ናት። ዘይነባ ከጎናችን ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ትሸጣለች፤ ምላሷ ከምትሸጠው ይበልጥ ያቃጥላል።

«እትዬ፣ ይህቺን ነጯን እኛ ነን የምንበላት ወይስ እሷ ናት የምትበላን?»

«አንቺ ደግሞ! ተኝተሽ ስለምታድሪ ነው» አሏት እትዬ አስካለ።

«እኔስ ተኝቼ አድራለሁ። እርስዎ ግን ቁመውም ተኝተዋል።»

እውነቷን ነበር። እትዬ አስካለ ዛላ አንሥተው ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ይቀራሉ። እኔ እንደ ወትሮው «ምን ይላል እትዬ?» እላለሁ።

«ማን?»

«በርበሬው ነዋ።»

«እ... ምን ይላል እሱ» ይሉና መልሰው ያስቀምጡታል። ሚጥሚጣ ለጠየቀች ሽሮ ይመዝናሉ። የደንበኛ ስም ይጠፋባቸዋል። ደረቅ ወለል ላይ ያደናቅፋቸዋል። ሰላም ስትቆጣቸው «ምን ላድርግ ልጄ፣ ጭጋግ ነው» ይላሉ። ነጋዴው እርጥብ ጭነት እያራገፈባቸው ይሄዳል፤ ከዛላው ጋር መነጋገራቸው ቀርቷላ።

ከዚያ የጋሼ ወልዴ ቀን መጣ። ጋሼ ወልዴ ፊት ለፊታችን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚሸጡ፣ ትልቅ ሰውነትና ትልቅ ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። ያኔ ሱቃችን ሊነሣ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር፤ ጋሼ ወልዴ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ደም መስሏል። እትዬ አስካለ አዘኑላቸው።

«አንተ ወልዴ፣ ና እስኪ። ይህቺን ቅመሳት።»

«ምንድን ናት?»

«ሀሳብ የምታስረሳ።»

«እንዲህ ካለችማ አንዷ ለእኔ ምን ትሠራለች? ሰውነቴን አታይም?»

ሁለት ሰጧቸው። እትዬ አስካለ ያላወቁት ጋሼ ወልዴ ምሳቸውን በአረቄ ማወራረዳቸውን ነው። ጋሼ ወልዴም ያላወቁት አረቄና ነጯ እንደማይስማሙ። ማንም አልነገረን፤ ማንንም አልጠየቅንማ።

ትንሽ ቆይተው ጆንያዎቻቸው ላይ ጋደም አሉ። ማንኮራፋታቸው እስከ እኛ ይሰማል። ሳቅንባቸው። ቀጥሎ ማንኮራፋቱ ራቅ ራቅ እያለ መጣ። አንዱ ሊያስነሣቸው ሲጠጋ ሌላው «ተዋቸው ባክህ፣ ስንት ቀን ሳይተኙ ነው የከረሙት፣ ይረፉ» አለው። ደግነት ነው ያናገረው። ዘይነባ እንኳ ራርታ ሻርፗን አነሣችና ልታለብሳቸው ጎንበስ አለች።

እትዬ አስካለ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ሻርፑን አዩ። የያዙት ሚዛን ከእጃቸው ወደቀ።

«አትሸፍኚው!»

እንዲያ ያለ ድምፅ ከሳቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ቀስቅሱት! ተዉት አትበሉ! ቀስቅሱት እላችኋለሁ!»

በርበሬውን ረግጠው፣ ሽንኩርቱን ረግጠው ሄዱ። ትከሻቸውን ይዘው ነቀነቋቸው፣ ደረታቸውን መቱ፣ በስማቸው ጮሁባቸው። አልነቁም። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። በዚያ ሰዓት መርካቶ መኪና አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የሽንኩርት መጫኛው ጋሪ ላይ በጎናቸው አስተኛናቸው። እትዬ አስካለ ከጋሪው እኩል እየሮጡ «ዞር በሉ! ሰው ነው! ሰው ነው!» እያሉ መንገድ ከፈቱ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ምን እንደዋጡና ምን እንደጠጡ ጠየቁን፤ እትዬ አስካለ ሳይደብቁ ተናገሩ። ሐኪሞቹም «ሁለቱ ሲገናኙ ትንፋሽ ያቆማሉ» አሉን። «ይተኛ ብላችሁ ብትተዉት ኖሮ አታገኙትም ነበር።»

ጋሼ ወልዴ ተረፉ። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ ያሉት «ሱቄን ማን እየጠበቀ ነው?» ነው፤ ያኔ መትረፋቸውን አመንን።

እሳቸው ገና ሳይነቁ እትዬ አስካለ ከሆስፒታል በቀጥታ ራጉኤል ሄደው ነበር። ደጁ ላይ ወድቀው ተሳሉ፤ ወልዴን ካተረፍክልኝ ብለው፣ ነጯን ሁለተኛ ለሰው ላይሰጡ፣ እሳቸውም ላይቀምሱ። ቤታቸው ገብተው ያላቸውን ሁሉ ሽንት ቤት ጣሉት። በማግስቱ ሲነግሩን እልል አልን። እኛ ዘንድ መተው ማለት እንዲህ ነው፤ ሲጋራ የተወ ፓኮውን ረግጦ፣ መጠጥ የተወ ብርጭቆውን ሰብሮ። በስለት ሲሆን ደግሞ ማን ይጠራጠራል? ይህኛውም ስሕተት መሆኑን ያወቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ብዙም አልቆየ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በብርድ ቀን ያልባቸዋል። «ጽጌ፣ ያ ልጅ ጆንያውን ጆሮዬ ውስጥ ነው እንዴ የሚወረውረው?» ይሉኛል። ሌሊቱን በቁማቸው ያነጉታል። እኛ «ፈተና ነው፣ ይጠንክሩ» እንላቸዋለን። አንድ ረፋድ ላይ በርበሬ እየቀነጠስን ሳለ ዓይናቸው ወደ ላይ ተሰቀለና ዛላው ክምር ላይ ወደቁ። ሰውነታቸው ይንፈራገጣል።

«ክብሪት! ክብሪት አምጡ፣ አሽትቷት!» ይላል አንዱ። «የለም፣ ጠበል!» ይላል ሌላው። አንዷ ጥርሳቸው መካከል ማንኪያ ልታስገባ ትታገላለች።

«እጃችሁን አንሡ!»

ጋሼ ወልዴ ናቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ሥራ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። «አፏን ተዉት! ክብሪቱን አጥፋው አንተ! በጎኗ አዙሯት፣ ራሷ ሥር ልብስ አድርጉ። ሐኪም ቤት ሳለሁ አጠገቤ የተኛውን እንደዚህ ሲያደርጉት አይቻለሁ።» ጋሪውን ራሳቸው ጎተቱ። ያው ጋሪ፣ ያው መንገድ፤ የሚሮጠውና የተኛው ብቻ ተለዋወጡ።

የተቀበለችን ወጣት ዶክተር ነበረች። እትዬ አስካለ ወደ ልባቸው ሲመለሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ረጋ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ መድኃኒቱን ድንገት አቁሙ ያለዎት ማነው?»

«ማንም አላለኝ። ለራጉኤል ተስዬ ነው።»

ዶክተሯ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «መተውዎ ትልቅ ነገር ነው» አለቻቸው። «ግን ሰውነትዎ ለረጅም ጊዜ ኪኒኗ ላይ ተደግፏል። የቤት ምሰሶ በአንድ ጊዜ ሲነቀል ጣሪያው ይወርዳል፤ የዛሬው እሱ ነው። እንደገና እንጀምራታለን፤ ከዚያ እኔ እየተከታተልኩዎ ቀስ በቀስ፣ በትንሽ በትንሹ እንቀንሳታለን።»

«እንደገና ልውጣት?»

«አዎ። ለመተው።»

እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ስለቴን አላፈርስም። ወልዴ የተረፈው በሱ ነው።»

ዶክተሯ ሌላ መንቀጥቀጥ ከመጣ ሊገድላቸው እንደሚችል ነገረቻቸው። ሰላም እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች። ጋሼ ወልዴ «እኔ እኮ ተርፌያለሁ አስካለ፣ ይኸው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። እትዬ አስካለ ግን አፋቸውን እንደ ዛላ ዘጉ። ሞትን የመረጡ መሰለኝ። ያን ጊዜ ዶክተሯ ወደ ሰላም ዘወር ብላ «የንስሐ አባት አሏቸው?» አለች። እኛ አላሰብነውም ነበር።

አባ ጃንጥላቸውን ተደግፈው መጡ። ነገሩን ከዶክተሯም ከሰላምም ሰሙና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አስካለ፣ እንጦጦ ራጉኤልን ተሳልመሽ ታውቂያለሽ?»

«በየዓመቱ አባ።»

«ከዚያ ወደ መርካቶው ራጉኤል ስትመለሺ በምን ትወርጃለሽ?»

«በእግሬ፣ በታክሲም።»

«ከገደሉ ዘልለሽ አታውቂም?»

እትዬ አስካለ ቀና አሉ። «አባ ደግሞ! ዘልዬማ ሬሳዬ ነው የሚደርሰው።»

«እንግዲያውስ ይሄኛውንም ውረጂው። ልጅቷ መንገዱን ታውቀዋለች» አሉና ወደ ዶክተሯ ጠቆሙ። «ስለትሽ በእኔ ይሁን። የመጨረሻዋን ቁራሽ በቃሽ ያለችሽ ዕለት ጧፍሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፤ ስለትሽ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው።»

«መንገዱ ይረዝማል አባ።»

«ይረዝማል። ከሰው ጋር ውረጂ።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን ከፈቱ። ዶክተሯ በራሷ እጅ ሰጠቻቸው፤ ውኃውን ጋሼ ወልዴ ያዙላቸው።

ቁልቁለቱ ክረምቱን ሙሉ ፈጀ፤ ከዚያም አለፈ። ሰላም ዶክተሯ ባለቻት ልክ ኪኒኗን እየከፈለች ትሰጣቸዋለች፤ በየቀጠሮው ትወስዳቸዋለች። ዶክተሯ ደግሞ ሌላ ሰው ዘንድ ላከቻቸው፤ መድኃኒት የማይሰጥ፣ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ባለሙያ። «ምን ታወራላችሁ?» ስላቸው «ስለ መስኮቱ» አሉኝ። «ደጋግሜ አወራዋለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር ትንሽ ያንሳል።»

ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ሲመጡ ጋሼ ወልዴ ከማዶ ይጮሃሉ።

«አስካለ! ዛሬ የት ደረስሽ?»

«ሽሮ ሜዳ!»

ከሳምንታት በኋላ ወረድ ብለው «ስድስት ኪሎ!» ይላሉ። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ጭንቀቱ ሲነሣ፣ ዶክተሯም «ለጊዜው እዚሁ እንቁም፣ አንቀንስም» ስትላቸው፣ «ስድስት ኪሎ ቆሜያለሁ፣ ታክሲ የለም!» ይላሉ። በእንዲህ ያለው ቀን ዘይነባ የሳቸውንም የራሷንም ሚዛን ትይዛለች። ጆንያ የሚጥል ተሸካሚ ከመጣ «ቀስ አድርገህ አውርድ፣ እዚህ ሕፃን ተኝቷል!» ብላ ትቆጣዋለች። እትዬ አስካለ «ሕፃኑ እኔ ነኝ?» ብለው ይስቃሉ። ጋሼ ወልዴም አረቄውን ተዉ። «ብቻሽን አትወርጂም ተብሏል» አሉ እንጂ ሌላ ምክንያት አልሰጡም።

ኅዳር ላይ አዲሱ በርበሬ ገባ። ነጋዴው ጆንያውን ፈታ፣ ሽታው ተነሣ፣ ሁላችንም አስነጠስን። እትዬ አስካለ አንድ ዛላ አንሥተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። እኔ ልጠይቅ ፈራሁ።

«ምን... ምን ይላል እትዬ?»

«ቆይ፣ አታቋርጪው፣ እየተናገረ ነው።» ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «ይሄ ውሸታም ነው። ደርቄያለሁ ይላል፣ ሆዱ ግን ገና ነው። ለሦስት ቀን ፀሐይ አስጡኝ ብሎ ይለምናል!»

ነጋዴው ሳቀ። ጋሼ ወልዴ እንደ ሴት እልል አሉ።

ስለታቸውን ያደረሱ ዕለት ጧፋቸውን ይዘው በእግራቸው ሄዱ። ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር፤ ዘይነባ ጃንጥላ ይዛላቸው እስከ ራጉኤል በር ሸኘቻቸው፣ እስኪወጡም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሲመለሱ «መርካቶ ደረሱ?» አለቻቸው። «ደረስኩ ልጄ» አሉ፤ «እግሬ ግን ተልጧል።»

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ሠሩ። ያኔም አልፎ አልፎ የከፋት ትመጣለች። «እትዬ፣ ነጯ ነበረችዎ አሉ...» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እሳቸው እጇን ይዘው ገልበጥ ያደርጉና በእጇ ጀርባ ላይ ሚጥሚጣ ቆንጠር ያደርጉላታል፤ ስለ ነጯ ግን እንዲህ ይላሉ።

«ሌላው ሁሉ ይቃመሳል። ይሄ አይቃመስም።»

ግን በዚያ አይሸኟትም። መሐረባቸውን አሥረው፣ ሱቃቸውን ለእኔ ትተው፣ ሐኪም ቤት ድረስ ይዘዋት ይሄዳሉ። «መድኃኒቱን አልሰድበውም፣ ያዳነው ሰው አለ» ይሉ ነበር። «ግን የታዘዘለት ሰው አለው፣ መጠን አለው፣ የሚያበቃበትም ቀን አለው። በፍቅር አይታደልም።»

ለቅሶው ላይ እኛ የበርበሬ በረንዳ ሴቶች አንድ አግዳሚ ሞልተን ተቀመጥን። ጋሼ ወልዴ አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የመጡት። ሰላም ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ እህል አልቀመሰችም፣ እንባም አልወጣት ብሏል። አንዲት ራቅ ያለች ዘመድ አጠገቧ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከፈተች።

«የኔ ልጅ፣ ይህቺን ዋጥ አድርጊልኝ። እኔን ስንት ሀዘን አሻግራኛለች።»

ዘይነባ ልትነሣ ስትል ቀሚሷን ያዝኳት። ሰላም የሴትዮዋን መዳፍ ቀስ ብላ ከነኪኒኑ ዘጋችው፤ የተዘጋውን እጅ ሳመችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ። እናቴ ግን ሌላው ሁሉ ይቃመሳል...» ድምፅዋ ተቆረጠ።

አግዳሚው ሙሉ አልተማከርንም። ሁላችንም በአንድ አፍ ጨረስንላት።

«ይሄ አይቃመስም!»

ድንኳኑ ዞሮ አየን። ከወንዶቹ በኩል ጋሼ ወልዴ «እኔን ጠይቁ!» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሰላምም ሳቀች፤ ሳቋ መካከል ላይ ተሰበረና ለቅሶ ሆነ። ያ ሁሉ ተይዞ የቆየ ለቅሶ ወረደ። እኛም አለቀስን። በዚያ ድንኳን ውስጥ አንዲት ዛላ በርበሬ አልነበረችም፤ ማን እንዳለቀሰ ሁሉም ያውቃል።

ሰው እየቀለለ ሲሄድ ያቺ ዘመድ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ዘይነባ ጠጋ አለች።

«እህቴ፣ እኔስ? ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ዛሬውኑ ልጣላት ይሆን?»

ዘይነባ እጇን ያዘች፤ ያ የሚያቃጥል ምላሷ እንዲያ ሲለሰልስ ሰምቼው አላውቅም።

«ዛሬ ምንም አትጣይ። ነገ ጠዋት እኔ ራሴ ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ። እንጦጦ ነሽ፣ ቀስ ብለን እንወርዳለን። ብቻ መዝለል የለም።»